ለምን ትጠመቂያለሽ?

ባርናባስ ደጀኔ ርብቃን ያገኛት አልጋ ሥር ተጋድሞ ነው። ለጸሎት ቤት ልጅ ደህና አጀማመር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ታገሡኝ፣ አልጋው የሆስፒታል አልጋ ነው።

ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1995 ኅዳር ነበር። ስዊድን አገር፣ ፍሌሚንግስቤሪ ባለው ሆስፒታል የጥገና ክፍል የሚሠራው ባርናባስ፣ በራስጌው በኩል ከፍ አልል ያለ አልጋ ሊሠራ ተጠርቶ በጀርባው ተኝቶ ብሎን ይፈታል። ሲሠራ መዝሙር ማንጎራጎር ልማዱ ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረሰ፤ ሁለተኛው ጠፋበት፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ይህንኑ ለአራተኛ ጊዜ ሲያደርግ፣ ከበላዩ አንዲት ሴት ሁለተኛውን ስንኝ በኦሮምኛ ቀጠለችለት።

ዘሎ ሲነሣ ግንባሩ ከአልጋው ብረት ጋር ተላተመ።

«አይዞህ» አለችው ሳቋን እየዋጠች። «ደግነቱ የተመታኸው ሆስፒታል ውስጥ ነው።»

ነጭ የነርስ ልብስ የለበሰች፣ ዓይኖቿ ከአፏ ቀድመው የሚስቁ ልጅ ነበረች። ባርናባስ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ ወለሉ ላይ መፍቻውን ይዳብስ ጀመር። ወንበር ላይ ሆነው አልጋቸው እስኪሠራ የሚጠብቁት ስዊድናዊት አሮጊት ሁለቱን በየተራ አዩና «ቀስ ብለህ ሥራው ልጄ፤ እኔ አልቸኩልም» አሉት።

ቀስ ብሎ ሠራው። የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በዚያ ክፍል ያሉት አልጋዎች በሙሉ የፍተሻ ጊዜያቸው ደርሶ ተገኘ። ያገኘው ባርናባስ ነው።

ከሥራ ሲወጡ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ዳር ባቡር አብረው ወደ መሐል ከተማ መምጣት ጀመሩ። እዚያ መለያየት ነበረባቸው። እሱ ከአባቱ ጋር የሚኖረው ሄሰልቢ ነው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ አረንጓዴ መስመር መጨረሻ፤ እሷ ከእናቷ ጋር የምትኖረው ዩልስታ ነው፣ በሰማያዊው መስመር መጨረሻ። ባርናባስ ግን በየቀኑ ሰማያዊው ውስጥ ይገባል።

«መንገድህ አይደለም እኮ» ትለዋለች።

«ዛሬ መንገዴ ነው።»

«ትናንትም መንገዴ ነው ብለህ ነበር።»

«ትናንት አላመንሽኝም፤ ለዚህ ነው ዛሬም የመጣሁት።»

ዩልስታ አድርሷት ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ቤቱ ይገባል። የብርዱን ወራት ግማሽ ያሳለፈው ባቡር ውስጥ ነው፤ እንደዚያ የሞቀው ብርድ ግን አይቶ አያውቅም። ሲሳሳቁ ጣቢያ ያልፋቸዋል፤ ዝም ሲሉም ያልፋቸዋል። ዝምታው ይብስ ነበር። እሷ በመስኮቱ ታያለች፤ እሱ በመስኮቱ ውስጥ እሷን ያያል፤ ከዚያ በመስተዋቱ ዓይን ለዓይን ይጋጩና ሁለቱም ጫማቸውን ማየት ይጀምራሉ።

መጋቢት ላይ፣ ሪንከቢን አልፈው ቴንስታ ሳይደርሱ፣ ባርናባስ ሳያስበው አፉ ቀደመው። «ርብቃ፣ አግቢኝ።»

ርብቃ ቀና ብላ አየችው። ባቡሩ ቴንስታ ቆመ፤ ሰው ወረደ፤ ሰው ገባ። ባርናባስ ከዚያ ጣቢያ የረዘመ ጣቢያ በዓለም ላይ አለ ብሎ አላመነም። በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ዩልስታ ሲደርሱ ተነሣች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ በሩ ላይ ዞር አለች።

«እሺ» አለችና ደረጃውን በሩጫ ወጣችው።

ባርናባስ ከመቀመጫው አልተነሣም። ሾፌሩ መጥቶ «መጨረሻ ነው፣ ውረድ» እስኪለው ድረስ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ያን ማታ አባቱን «ሚስት አገኘሁ» አላቸው።

ጋሽ ደጀኔ የኢትዮጵያውያኑ ወንጌላዊት ጉባኤ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቀን የሄሰልቢን መናፈሻዎች ሲኮተኩቱ ይውላሉ፣ እሑድ ጉባኤውን ይመራሉ። ርብቃን ሁለት ጊዜ ቤታቸው መጥታ አይተዋታል፤ ወደዋታልም። እንግዲህ ደስ ብሏቸው «እልል» ሊሉ ሲሉ ነበር አንድ ነገር ትዝ ያላቸው።

«በውሃ ተጠምቃለች?»

«ሕፃን ሳለች፣ ወለጋ። የእናቷ ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ነው።»

«ውሃ ረጭተውባታል ማለት ነው» አሉ ጋሽ ደጀኔ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ይህ ነበር የሚያስፈራው። «ሕፃን አያምንም። ያላመነ አይጠመቅም። ልጅቷ ጌታን የምትወድ መሆኗን አይቻለሁ፤ እንግዲያው አምና ውሃ ውስጥ ትግባ። በማግሥቱ ለእናቷ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አባባ፣ እሷኮ ተጠምቄያለሁ ብላ ነው የምታምነው።»

«ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ።»

ይህ እውነት ነበር። እዚህ አገር መተዳደሪያ ደንብ የሌለው ማኅበር አዳራሽ እንኳ አይከራይም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት ጉባኤው ሲመዘገብ፣ ስዊድንኛ አቀላጥፎ የሚጽፈው ባርናባስ ተመረጠ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ፍቅር አላገኘውም፤ ስለዚህም በሌሎች ሰዎች ትዳር ላይ እጅግ ጥብቅ ነበር። አንቀጽ ሰባትን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ አገልጋይ የሆነ አባል ውሃ ውስጥ ጠልቆ ያልተጠመቀ ሰው ቢያገባ፣ ሠርጉ በጉባኤው አዳራሽ አይፈጸምም፤ እሱም ከአገልግሎቱ ይነሣል። ይህም አልበቃው ብሎ፣ ደንቡ የሚሻሻለው በሁለት ተከታታይ ዓመታዊ ስብሰባዎች ብቻ ነው አለ። ሲያነበው ጉባኤው «አሜን» ብሎለት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ባርናባስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሆኖ ቁጭ አለ። የጉባኤው ኪቦርድ ተጫዋች እሱ ራሱ ነውና።

በማግሥቱ በሰማያዊው መስመር ሁሉንም ነገራት። ርብቃ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሰማችው።

«አባቴ የሞተው ሁለት ዓመቴ ሳለ ነው» አለች በመጨረሻ። «ፎቶግራፉ እንኳ የለንም። በክንዱ ታቅፎ ወስዶ ለእግዚአብሔር የሰጠኝ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ደግሞ አባቴ ስላደረገው ብቻ አይደለም ባርኒ። ያን ቀን እግዚአብሔር የኔ ናት ብሎኛል። ምንም ሳላውቅ፣ ምንም ሳላደርግለት። እንደገና ብጠመቅ ያ ሁሉ ባዶ ነበር ማለቴ ነው።»

«ጳውሎስ እኮ ጢሞቴዎስን ገርዞታል!» አለ ባርናባስ። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ያደረው ጥቅስ ነበር። «መገረዝ እንደማያድን እያወቀ፣ ለአይሁድ ሲል፣ ለሰላም ሲል! ክርስቲያን እሺ ማለት ያውቃል።»

«ቲቶንስ?»

«ቲቶ ምን ሆነ?»

«ቲቶን አላስገረዘውም። ካልተገረዘ አይሆንም ብለው ሲያስገድዱት ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተገዛላቸውም።» ወደ እሱ ዞረች፤ ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። «ሰው እንዳይሰናከል ከሆነ እሺ ይባላል። ይህን ካላደረግሽ ክርስቲያን አይደለሽም ከተባለ ግን እምቢ ይባላል። ሠርጉ በእናንተ አዳራሽ ይሁን ካሉ፣ እሺ። ጭፈራ የለም ካሉ፣ እሺ፤ እኔ መጨፈር እወዳለሁ፣ ግን እሺ። ሄሰልቢ እንኑር ካልክ፣ እናቴን ትቼ ሄሰልቢ! ስንት እሺ እንዳለኝ አይተሃል። ይቺን አንዷን ተዉልኝ።»

ባርናባስ እዚህ ላይ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ግን ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ አፉን አይጠብቅም። ነሐሴ ላይ ያሰበው ሠርግ፣ አባቱ፣ ኪቦርዱ፣ እሷ፣ ሁሉም አንድ ላይ ከእጁ ሲያመልጥ ታየው።

«ርብቃዬ፣ ውሃ ብቻ ነው» አላት። «አሥር ሰከንድ። ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። በልብሽ የፈለግሽውን እመኚ። ማን ያይብሻል?»

ርብቃ አየችው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ያዘነችው ግን ለእሱ ነበር። ዩልስታ ሲደርሱ ደህና ሁን ሳትለው ወረደች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላገኛትም። ፈረቃዋን ቀይራለች። ስልክ ሲደውል እናቷ ወይዘሮ ደሚቱ «የለችም» ይሉታል፤ ከበስተኋላ ሳሏን ይሰማል። ባርናባስ እህል አልበላ አለው። እሑድ እሑድ ኪቦርዱ ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ይሳሳታሉ። አንድ ቀን እንዲያውም በሰማያዊው መስመር ተሳፍሮ ዩልስታ ደርሶ፣ ከጣቢያው ሳይወጣ ተመለሰ።

በአራተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ።

«ጥምቀቱ መቼ ነው?» ርብቃ ናት።

«በሐምሌ። ሦስተኛው እሑድ። እዚህ ሄሰልቢ፣ ሐይቁ ዳር።»

«እመጣለሁ። የምጠየቀውን እመልሳለሁ።»

ባርናባስ የሰማው «እመጣለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ስልኩን ሳይዘጋ ነው ያጨበጨበው። የጥምቀት ትምህርቱን የሚሰጡት የጉባኤው ጸሐፊ ወንድም ክፍሌም ርብቃን ሁለት ጊዜ አስተምረው፣ «መጽሐፉን ከኔ የበለጠ ታውቀዋለች፤ እሷ እኔን ብታስተምረኝ ይሻላል» ብለው ስሟን መዝገቡ ላይ አሰፈሩ። ለምን እንደምትጠመቅ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ይህ የሚጠየቀው ውሃው ውስጥ ነው፤ መልሱንም ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ያ እሑድ ብራ ሆነ። የሄሰልቢ ሰው በሙሉ ሐይቁ ዳር ወጥቶ ነበር። አይስክሬም የያዙ፣ ፀሐይ ላይ የተሰጡ፣ ውሻ የሚያዋኙ ስዊድናውያን መሐል፣ ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በሱፍና በሐር ልብስ ለብሰው ሲዘምሩ አስቡት። ባርናባስ በባትሪ የምትሠራውን ትንሿን ኪቦርድ ጭኑ ላይ አድርጎ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ልቡ ከመዝሙሩ ፈጥኖ ይመታል፤ መዘምራኑም እየሮጡ ይከተሉታል።

ወይዘሮ ደሚቱም መጥተዋል። ከሁሉ ራቅ ብለው፣ የአበባ ጥለት ያለው ብርድ ልብሳቸውን ሣሩ ላይ አንጥፈው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ባርናባስ ሰላም ሊላቸው ሄዶ ነበር።

«ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ እትዬ ደሚቱ።»

«የመጀመሪያውን አይቻለሁ፤ ሁለተኛውንም ልይ ብዬ ነው» አሉት። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ባርናባስ ወደ ኪቦርዱ የተመለሰው ጆሮው እየጋለ ነው።

ጋሽ ደጀኔ ነጭ ቀሚስ ለብሰው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። የሐይቁ ውሃ በሐምሌም ቀዝቃዛ ነው፤ ሁለት ወጣቶችና አንዲት እናት በየተራ ገቡ፣ በየተራ ተጠየቁ። «ኢየሱስ ክርስቶስን አዳኝህ አድርገህ ተቀብለሃል?» «አዎ!» «ለምን ትጠመቃለህ?» «ለጌታ ቃል ለመታዘዝ!» ከዚያ ጥልቅ፣ ከዚያ ብቅ፣ ከዚያ እልልታ፤ ባርናባስም ወዲያው መዝሙሩን ያነሣል።

አራተኛዋ ርብቃ ናት። ነጩ ቀሚስ ረዝሞባት በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛዋለች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካው ትንሽ ቆመች። ገባች። ጋሽ ደጀኔ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት፤ ፊታቸው በደስታ ያበራ ነበር።

«ርብቃ ልጄ፣ ኢየሱስ ክርስቶስን አዳኝሽ አድርገሽ ተቀብለሻል?»

«አዎ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«አሜን። ለምን ትጠመቂያለሽ?»

ከሩቅ አንድ ውሻ ጮኸ። ጋሽ ደጀኔ አልሰማች ይሆናል ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ለምን ትጠመቂያለሽ?»

«ባርናባስን ለማግባት ነው፣ ጋሽ ደጀኔ።»

ድምፁን ውሃው ተሸክሞ እስከ መጨረሻው ሰው አደረሰው። አንዲት እናት በልማድ «ሃሌሉያ!» አሉ። የባርናባስም ጣቶች በልማድ መዝሙሩን አነሡ፤ ሁለት መዘምራን ጀመሩና አፋቸውን ያዙ።

«ሌላ ምክንያት የለሽም?» አሉ ጋሽ ደጀኔ ቀስ ብለው።

«የለኝም። እስከዚህ ድረስ በፍቅር መጣሁ። ለመታዘዝ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። አባቴ አስጠምቆኛል፤ እኔ እንደማምነው ታዝዣለሁ። እዚህ ቆሜ ብዋሽ የምዋሸው እርስዎን አይደለም።» እንባዋ ፊቷ ላይ ይወርድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውሃ ውስጥ አቆምኩዎ።»

«ማነው እንዲህ አድርገሽ ግቢ ያለሽ?»

ርብቃ ወደ ዳር አልተመለከተችም፤ በጣቷም አልጠቆመችም። ባርናባስ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዝም ቢል ማንም እንደማያውቅበት ገባው። እሷ አትናገርም። ዛሬም ነገም አትናገርም። ይህን ሲያውቅ ነው ከመቼውም በላይ የወደዳት፤ የራሱም ነገር ያስጠላው።

ኪቦርዱን ሣሩ ላይ ጣለውና ተነሣ።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ የሠርግ ልብስ እንዲሆነው ያስቀመጠውን ግራጫ ሱፍ እንደ ለበሰ ሐይቁ ውስጥ ገባ። አይስክሬም የያዙት ስዊድናውያን ተነሥተው ቆሙ። «እኔ ነኝ አባባ። ውሃ ብቻ ነው፣ አሥር ሰከንድ ነው፣ በልብሽ የፈለግሽውን እመኚ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ደጀኔ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን አልካት? ድገመው።»

«በልብሽ የፈለግሽውን እመኚ።»

«በደርግ ጊዜ አሥራ አንድ ወር ታስሬያለሁ» አሉ ጋሽ ደጀኔ። ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነበር የሚናገሩት። «ወንጀሌ፣ ግራ እጄን አንሥቼ አብዮት ከሁሉ በላይ ነው አልልም ማለቴ ነው። ካድሬው ክፉ ሰው አልነበረም። አዝኖልኝ ነው፣ 'አቶ ደጀኔ፣ እጅ ብቻ ነው፤ አንሣውና በልብህ የፈለግኸውን እመን' ያለኝ።»

ባርናባስ ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ሁልጊዜ ራሱን በአባቱ ቦታ ነበር የሚያስቀምጠው፤ በካድሬው ቦታ ቆሞ ያገኘው ዛሬ ነው።

«እኔም አልሸሽግህም፣ ሕፃን መርጨትን ጥምቀት ነው አልልም፤ እስክሞት አልልም» ቀጠሉ አባቱ። «ለኔ ይህ ውሃ ብቻ አይደለም። ለእሷም ውሃ ብቻ አይደለም። ውሃ ብቻ የሆነው ላንተ ነው። እኔና እሷ አንስማማም እንጂ እንግባባለን።»

ከዚያ ወደ ርብቃ ዞሩ። «ውጪ ልጄ። ያላመንሽበትን አላጠምቅሽም። አንቺ እሺ ብትይ እንኳ እኔ እምቢ ማለት አለብኝ።»

ወንድም ክፍሌ ከዳር መዝገቡን እንደ ያዙ ተጨነቁ። «ጋሼ፣ እንግዲህ አንቀጽ ሰባት…»

«አንቀጽ ሰባት ባለበት ይቆማል!» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «የልጄ ሠርግ ስለሆነ ደንብ አይሻርም። በአዳራሻችን አናጋባቸውም፤ እሱም ከኪቦርዱ ይነሣል።»

«እነሣለሁ» አለ ባርናባስ። ያን ያህል የሚያስደስት ቃል ተናግሮ የሚያውቅ አልመሰለውም። ኪቦርዱን በአሥራ አራት ዓመቱ ነው የጀመረው፤ ከአሁን በኋላ እሑድ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም፤ ግን ልቡ ቀለለው። ወደ ርብቃ ቀረበ። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ከንፈሯ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

«ተቆጥተሽኛል?»

«በጣም።»

«እንግዲያው አታገቢኝም?»

«ለምን እንደ መጣሁ መቶ ሰው ሰምቷል» አለችው። «አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው?»

ባርናባስ ሳቀ፤ ከዚያ ሳያስበው አለቀሰ። ኮቱን አውልቆ ሊያለብሳት ሲል ውሃው ጠብ ጠብ አለ፤ ከራሷ ቀሚስ የባሰ ርጥብ ነበር። እሷም ሳቀች። ከዳር አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ መዘምራኑ ያለ ኪቦርድ አነሡት፤ ነገሩ ያልገባቸው ስዊድናውያንም አብረው አጨበጨቡ።

ጋሽ ደጀኔ ግን ከውሃው ወጥተው፣ በባዶ እግራቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ ወይዘሮ ደሚቱ ይሄዱ ነበር።

«ክፍሌ፣ ና!» አሉ ሳይዞሩ። «ሽማግሌ ሆነን መሄዳችን ነው።»

«አሁን? ሁለት ብቻ ሆነን? ደግሞ አባት ለልጁ ሽማግሌ አይሆንም፤ ወጉ አይፈቅድም!»

«ሁለት ወይም ሦስት ተብሏል፤ ሁለት ይበቃል። ወጉ ደግሞ ዛሬ ይለፈን። ወግ የሚለቀቅበትም ቀን አለ።»

ጉባኤው በሙሉ ተከተላቸው። ባርናባስና ርብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ከኋላ ደረሱ። ወይዘሮ ደሚቱ ከብርድ ልብሱ አልተነሡም። ሽማግሌ የልጅቷ ቤተሰብ እሺታውን ሳይሰጠው አይቀመጥም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ደጀኔ በሐይቁ ንፋስ እየተንቀጠቀጡ ቆሙ። ጥርሳቸው ሲጋጭ ይሰማ ነበር።

«እትዬ ደሚቱ» አሉ። «ልጅዎን ለልጄ ለመለመን መጥቻለሁ። በአዳራሼ ላጋባቸው አልችልም። እርስዎ በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ቢጋቡ ግን የፊተኛው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ልጄ ዛሬ ስሕተቱን ሰው ፊት አምኗል። ለልጅዎ ይበቃል አልልም፤ ግን ይማራል።»

ወይዘሮ ደሚቱ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ባርናባስ የርብቃን እጅ አጥብቆ ያዘ። ሁሉም ነገር አሁን በእኚህ ሴት አፍ ላይ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ «የለችም» ባለው አፍ ላይ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ ወይዘሮ ደሚቱ። «ባለቤቴ ይቺን ልጅ ታቅፎ ሲያስጠምቃት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ልጄን ከመስጠቴ በፊት ከአፍዎ ልስማው። ልጄ ተጠምቃለች ወይስ አልተጠመቀችም?»

ባርናባስ ዓይኑን ጨፈነ። «ተጠምቃለች ይበሉ አባባ፣ አንድ ቃል ብቻ» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ በጥርሱ ያዘው። ርብቃ ወደ እሱ አየች፤ ዝም ማለቱን አየች።

ንፋሱ የጋሽ ደጀኔን ርጥብ ቀሚስ ገላቸው ላይ ለጠፈው።

«እኔ እንደማምነው አልተጠመቀችም» አሉ። «ይህን ልጅዎን እንዳያስከለክለኝ እየፈራሁ ነው የምነግርዎ። ግን ክርስቲያን ናት። ዛሬ ውሃ ውስጥ አጠገቤ ከቆሙት ሁሉ፣ ከኔም ቢሆን፣ እሷን የሚያህል ክርስቲያን አላየሁም።»

ወይዘሮ ደሚቱ ልጃቸውን አዩ። ቀጥለው ባርናባስን ከተበላሸው ሱፉ እስከ ጫማው ድረስ አዩት። በመጨረሻ በዕድሜያቸው ልክ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ ፈቀቅ አሉ።

«ዋሽተውኝ ቢሆን ኖሮ አልሰጥዎም ነበር» አሉ። «ይቀመጡ።»

ጋሽ ደጀኔ ከነርጥበታቸው ተቀመጡ።